ነጭ ሽንኩርት የሸተተው መጋዘን

አንደኛው ወረቀት በታይፕ የተጻፈ ነበር።

«ኅዳር 3 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ ላሊበላ። ወንበዴዎች ከመጋዘን ጠባቂው ከሞላ ጋር ተመሳጥረው የእርዳታ እህል መጋዘን ውስጥ መርዝ ረጭተዋል። በመጋዘኑ ያደሩ ዘጠኝ ሰዎች ሞተዋል። ነጭ ሽንኩርት የሚመስል ሽታ ነበር።»

ሁለተኛው ከጫካው ሬዲዮ በእርሳስ የተገለበጠ ነው።

«ደርግ የላስታን ሕዝብ ለመጨረስ በእርዳታው እህል ላይ መርዝ ለውሷል። ከእህሉ የበሉ ዘጠኝ ሰዎች እዚያው ወድቀው ቀርተዋል። እህሉ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ወገን ሆይ፣ እንዳትነካው።»

አዝመራው ሁለቱን ከሽሮው ሰሃን አጠገብ ጎን ለጎን ዘርግቶ አነበባቸው። ከዚያ ደገማቸው። የሚስማሙት ስለ ሟቾቹ ቁጥርና ስለ ሽታው ብቻ ነው።

በታይፑ ወረቀት ጀርባ የአለቃው የሻምበል ውባንተ የእጅ ጽሑፍ ነበር። «ማን እንደሠራው እስከ ዓርብ አረጋግጥ። ቅዳሜ በገበያው ቀን ሞላ በሕዝብ ፊት ይዳኛል።»

አዝመራው እንዲህ ያለ ዳኝነት አይቷል። ጠዋት ይጀመራል። ከምሳ በፊት ተኩስ ይሰማል።

ዛሬ ማክሰኞ ነው።

ወረቀቶቹን በጓዳው ከሰል ላይ ጣላቸው። አመድ እስኪሆኑ ጠበቀ። አመዱን በማንኪያ በተነው።

«አዝመራው» በመታወቂያው ላይ ያለ ስም ነው፤ በሰባት ዓመት ውስጥ አምስተኛው። አንድ ጊዜ የጨው ነጋዴ ነበር፤ አንድ ጊዜ የመንገድ ሥራ ተቆጣጣሪ። አሁን ከአዲስ አበባ የተላከ የነቀዝ መድኃኒት ባለሙያ ነው። ለዚህኛው ብዙ መዋሸት አላስፈለገውም። የደኅንነት ቢሮው ሳይወስደው በፊት አራት ኪሎ ሁለት ዓመት ኬሚስትሪ ተምሯል። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። ጠዋት ሲነቃ መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ የማንን ስም እንደያዘ ማስታወስ ነው።

መጋረጃውን ገልጦ ወጣ። የጋሸና ሾፌሮች አግዳሚዎቹን ሞልተው ይንጫጫሉ። የምግብ ቤቱ ባለቤት ኸዲጃ ሻይ በሁለት እጅዋ ይዛ በመሀላቸው ታልፋለች። ለሾፌሮቹ ኸዲጃ ናት። ለቢሮው ግን «ምድጃ» ናት፤ መልእክት ተቀባይና አቀባይ። እሱን ቢሮው «መወርወሪያ» ይለዋል።

«ጨረስክ ወንድማለም?»

«ጨረስኩ።»

«ሽሮው ግማሹ ቀርቷል እኮ! ሸዕባን፣ ይሄ ሰውዬ ምግቤን ናቀብኝ።»

የኤንትሬ ጭነት መኪናው ሾፌር ሸዕባን ከጥጉ ሳቀ። «ጾም ገብቶባቸው ነው። ድሮ እነሱ ሲጾሙ እኛ እንወፍር ነበር።»

«ዘንድሮስ?»

«ዘንድሮማ ወላሂ ሁላችንም ጾመኛ ነን።»

ማንም አልሳቀም።

የእንጨት ሳጥኑ አግዳሚው ሥር እንደተወው ነበር። ሃያ አራት ጣሳ የነቀዝ ክኒን፣ አንድ ጭምብል፣ የመመርመሪያ ወረቀቶች። ጠፍሩን ጎተት አድርጎ አየው። ጥብቅ ነው።

አልከፈተውም።

*

«አንተ ነህ ነቀዝ ገዳዩ?» አለው ጓድ ፈንታው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ።

ፈንታው የላሊበላው ካድሬ ነው። ወጣት ነው፤ ዓይኖቹ ግን እንቅልፍ ካጣ ሽማግሌ የተዋሳቸው ይመስላሉ።

«ነኝ።»

«ዘግይተሃል። ነቀዙ ድኖ ሰው ነው ያለቀው።»

አብረው በመጠለያው መሀል አለፉ። ሰዉ በድንኳን ውስጥ፣ በድንኳን መሀል፣ በድንኳን ጥላ ተኝቷል። አንዳንዱ የሚተነፍስ መሆኑን ለማወቅ ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ከመጠለያው ሁለት መቶ ሜትር እንኳ ሳይርቅ መጋዘኑ ቆሟል። የድንጋይ ግንብ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ሁለት በር። ውስጡ ሁለት ሺህ ኩንታል ስንዴ።

«አልሰጣችኋቸውም?»

«ሰጠን እንጂ። በእጃቸው ይዘውት ያለቅሳሉ። አይቀምሱትም፤ ሬዲዮውን ሰምተዋል።» ፈንታው ወደ ድንኳኖቹ ኋላ ጠቆመ። «ትናንት ሃያ ሁለት ሰው ቀበርን። ስንዴ አጠገብ።»

«ሞላስ?»

«ከልጅነቴ ነው የማውቀው። ግራም አጉድሎ አያውቅም። ግን ቁልፉ በእሱ እጅ ነበር። ማን ከፈተው ታዲያ?»

ሐሙስ ጠዋት አዝመራው ሁለቱን በሮች አስከፈተ። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ በደረቅ ሣር አይቶ በነፋሱ በኩል ቆመ። አንድ ሰዓት ጠበቀ። ከዚያ ጭምብሉን አጥልቆ ብቻውን ገባ።

በብር ጨው የተነከረውን ወረቀት በጆንያዎቹ መሀል ሰካ። ጋዙ ካለ ወረቀቱ ይጠቁራል። አልጠቆረም። ከአንዱ ጆንያ ውስጥ ከታች ዘግኖ ስንዴውን በወረቀቱ ላይ አሸ። ነጭ እንደሆነ ቀረ።

ሚዛኑን አየ። የነሐስ ሳህኖቹ ከል የተነከሩ ይመስል ጠቁረዋል። ጥግ ላይ የሞላ ትራንዚስተር ሬዲዮ ወድቋል። ከፈተው። የመዳብ ሽቦዎቹንም ሁሉ ጋዙ አጥቁሯቸዋል።

መርዙ እህሉ ውስጥ አልነበረም። አየሩ ውስጥ ነበር።

የነቀዝ ክኒን ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። እርጥበቱን ሲያገኝ ጋዝ ያወጣል። ስሙ ፎስፊን ነው፤ አንድ ፎስፎረስ፣ ሦስት ሃይድሮጅን። በጆንያ መሀል ገብቶ ነቀዙን ይገድላል። ሰውም ይገድላል። በር ሲከፈትለት ይሄዳል፤ እህሉ ላይ ግራጫ ዱቄት ብቻ ትቶ። ንጹሑ ፎስፊን ሽታ የለውም። ነጭ ሽንኩርት የሚሸተው አብሮት የሚወጣው ዘመዱ ነው፤ ሁለት ፎስፎረስ፣ አራት ሃይድሮጅን። አራት ኪሎ ያስተማሩት መምህር ለዚህ ሽታ ምስጋና ይገባዋል ይሉ ነበር፤ ሰው ሸትቶት ይሸሻልና።

ከታችኛው ረድፍ ሥር በወረቀት ላይ የተነጠፉትን ክኒኖች አገኘ። አመድ ሆነው መቅረት ነበረባቸው። አንዱን በጓንቱ ሰበረው። መሀሉ ገና ጠጣር ነው።

ተቀምጦ አሰበ። የላስታ ኅዳር ይበርዳል። በብርድ ክኒኑ ቀስ ብሎ ነው የሚተነፍሰው። አምስት ቀን በሚል የተለካው ለናዝሬት ሙቀት ነው።

*

ሞላ በፖሊስ ጣቢያው ጓሮ ክፍል፣ ባዶ ጆንያ ላይ ተቀምጧል። ሃምሳ የተጠጋ ሰው ነው።

«እንደምን ዋሉ አያ ሞላ?»

«እግዜር ይመስገን። ጌታው አንተ ማነህ?»

«የነቀዝ መድኃኒት ባለሙያ።»

«ሌላኛውም እንደዚያ ነበር ያለኝ።» ሞላ ጣቶቹን አነሳ። «'ለአምስት ቀን እንዳትከፍት' አለኝ። ቆጠርኩ። በየቀኑ በሩ ላይ በከሰል ጭረት አሰመርኩ። አምስት ሲሞላ ከፈትኩ።»

«ከከፈቱ በኋላ በሩ ተበርግዶ ይዋል አላለዎትም?»

«አላለኝም።»

«ወረቀት ሰጥቶዎት ነበር?»

«ሰጥቶኛል። በፈረንጅ አፍ የተጻፈ። እኔ አማርኛውንም የማነበው በጭንቅ ነው።»

«ሰዎቹን ማን ነው ያስገባቸው?»

ሞላ ወደ ግድግዳው ዞረ። «ቅዳሜ ይነግሩሃል» አለ።

*

ከዘጠኙ ጋር የገባች አንዲት መነኩሴ በሕይወት ተርፋለች አሉት። አሁን ተራራው ላይ አሸተን ማርያም ገዳም ናት። ዓርብ ጎህ ሲቀድ ዳገቱን ጀመረ። ሁለት ቦታ ላይ አረፈ። ድሮ አያርፍም ነበር።

እማሆይ አመተ ጊዮርጊስ ገዳሙ አጠገብ ካለው ቋጥኝ ሥር ፀሐይ ይሞቃሉ። በየሁለት ቃሉ ያስላቸዋል።

«ከመንግሥት ነህ ልጄ?»

«ከመድኃኒት ክፍል ነኝ፣ እማሆይ።»

«መቼም አንዱ ነው። ተቀመጥ።»

ተቀመጠ።

«ማን ነው መርዙን የረጨው?» አላቸው።

«እንጃ። መርዝ መሆኑን ማን አውቆ?» አሳላቸው። «መጠለያው ውስጥ ተስቦ ገባ። ማታ አብሮህ የተኛው ጠዋት እሳት ሆኖ ይነሳል። እኛ አገር ተስቦ ሲገባ ነጭ ሽንኩርት በጨርቅ ቋጥረን አንገታችን ላይ ነው የምናስረው። ነጭ ሽንኩርት የሸተተበት ቤት በሽታ አይደፍረውም። ዘንድሮ ግን አንድ ራስ እንኳ ከየት ይምጣ?»

አዝመራው መጨረሻው ታየው። እንዳይመጣ ፈለገ።

«አያ ሞላ በሩን ሲከፍት ሽታው ወጣ። መጀመሪያ የጮኸችው የጋሻዬ ልጅ ናት። 'ነጭ ሽንኩርት! ነጭ ሽንኩርት!' አለች። እኛም ማርያም ላከችልን ብለን እግሩ ሥር ተደፋን። አይሆንም አለ። ለመነን፤ ለመንነው። ሴት ወይዘሮ ሕፃን አዝላ እግርህን ስትስም አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ?»

«አላውቅም።»

«እሱም አላወቀም። አስገባንና እሱ ደጅ ቁጭ አለ፤ ሊጠብቀን።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ…» እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ሽታው እንዳይወጣብን ብለን በሩን ዘጋነው። ቀዳዳ ቀዳዳውን በየነጠላችን ደፈንነው። ከደፉ ሥር ያለውን ቀዳዳ እኔ ነበርኩ የምደፍነው። ነጠላዬ አጠረ። አልበቃም። እዚያው ላይ አፍንጫዬን ደፍቼ ተኛሁ።»

አዝመራው በሰባት ዓመት ውስጥ ሲዋሹት የሚሰማውን ድምፅ ሁሉ ለይቶ ያውቃል። ይሄኛው ድምፅ እንግዳ ሆነበት።

«እማሆይ፣ ይህንን ለሸንጎው ነግረዋቸዋል?»

«ማን ጠየቀኝ?»

*

ሲመለስ ፈንታው ቢሮው ውስጥ ይጠብቀዋል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጣሳ ተቀምጧል።

«ተገኘ» አለ ፈንታው። የተደሰተ አይመስልም። «ዛሬ ጠዋት በመገናኛ ሬዲዮ ጥቆማ መጣልኝ። የሞላ ቤት ጣሪያ ሥር ፈልግ አሉኝ። ፈለግሁ። ይኸው።»

አዝመራው አንዱን አንስቶ ገለበጠው። ግርጌው ላይ ቁጥር ታትሟል።

4416።

ሁለተኛውን ገለበጠ።

4417።

ፊቱ አልተለወጠም። የሚከፍሉት ፊቱ እንዳይለወጥ ነው።

«መልእክትም አለህ» አለና ፈንታው ቁራጭ ወረቀት ሰጠው። «ከመሥሪያ ቤትህ።»

«የተገኙት ጣሳዎች ከመርዙ ጋር አንድ መሆናቸውን ቅዳሜ መስክረህ ተመለስ። ቤተሰብ ደህና ነው።»

አዝመራው ቤተሰብ የለውም። በቢሮው ቋንቋ «ቤተሰብ ደህና ነው» ማለት አትጠይቅ ማለት ነው። ጠይቀው የተመለሱ ሰዎችን አያውቅም።

ማደሪያው ገብቶ በሩን ቀረቀረ። ሳጥኑን ከፈተ። ቆጠረ።

ሃያ ሁለት።

ደረሰኙን አወጣ። «ከ4410 እስከ 4433፤ ኅዳር 14 ቀን 1977 ዓ.ም. ወጪ የሆነ።»

ሳጥኑ ከተቆለፈ በር ውጭ ከዓይኑ የራቀው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ጋሸና፤ ከመጋረጃው ኋላ ሁለቱን ወረቀቶች ሲያነብ። ወረቀቶቹ ለዚያ ነበር የተሰጡት። ጓዳ አስገብቶ ለማቆየት።

ውባንተ ማን እንደሠራው እንዲያጣራ አልላከውም። የጫካው ወሬ ከቀን ቀን ይሰፋል፤ በላይ ያሉት ጥፋተኛ ሰው ይፈልጋሉ። የጎደለው ማስረጃ ብቻ ነበር። መወርወሪያ የተላከው ያንን ተሸክሞ እንዲሄድ ነው።

አልጋው ላይ ተጋደመ። አልተናደደም። ለመናደድም ጉልበት ይጠይቃል። ከዚያ ግን ተነሳ። ከመጋዘኑ የዘገነው ስንዴ ኪሱ ውስጥ ነበር። የቤቱን ባለቤት ድስት ለመነና ቀቀለው።

*

ቅዳሜ ገበያው ሰው እንጂ ሸቀጥ የለውም። ፈንታው ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጧል። ሞላ ቆሟል፤ እጁ ወደ ኋላ ታስሯል። አምስት ወታደሮች ከኋላው። ጣሳዎቹ ጠረጴዛው ላይ።

«የመድኃኒት ባለሙያው ይምጣ።»

አዝመራው ወጣ። ኮፍያውን አወለቀ።

«እነዚህን ጣሳዎች ታውቃቸዋለህ?»

«አውቃቸዋለሁ።»

«ዘጠኙን ሰዎች ከገደለው ጋር አንድ ናቸው?»

አንድ ቃል ብቻ። «ናቸው» ብሎ ይቀመጣል። ነገ ወልድያ ይሆናል። ከነገ ወዲያ ሌላ ስም ይሰጡታል።

«ክኒኑ አንድ ዓይነት ነው» አለ። «ጣሳዎቹ ግን የእኔ ናቸው።»

ፈንታው ከጠረጴዛው ቀና አለ።

«ምን አልክ?»

«የእኔ ናቸው፣ ጓድ ፈንታው። ደረሰኙ ይኸው። ቁጥራቸውን ያስተያዩ። ከግምጃ ቤት የወጡት ኅዳር 14 ቀን ነው። ሰዎቹ የሞቱት ኅዳር 3። በመንገድ ላይ ተሰርቀውብኛል።»

ፈንታው ደረሰኙን አየ። ጣሳውን ገለበጠ። እንደገና ደረሰኙን አየ። አዝመራው በካድሬው ፊት ላይ የራሱን የትናንት ከሰዓት ፊት አየ። ይሄም ሰው ተሸካሚ ነበር።

«የት ነው የተሰረቅኸው?»

«አላስተዋልኩም።»

«ማን ወሰደው?»

«አላየሁም።»

አንድ ከሲታ ሰው ከሕዝቡ መሀል ወጣ። ጋሻዬ ነው፤ ልጁ ከዘጠኙ አንዷ ናት። «እናንተ በጣሳ ተከራከሩ» አለ። «እኔን ልጄን ምን ገደላት?»

አዝመራው ወደ እሱ ዞረ። በቀላል ቃል ነገረው። ክኒኑ ለነቀዝ መሆኑን፤ የአምስቱ ቀን ልክ ለቆላ መሆኑን፤ እዚህ በብርዱ በአምስተኛው ቀን ገና ይተነፍስ እንደነበር። ማንም ለሞላ እንዳላስጠነቀቀው። ሽታው መዳኛ መስሎ እንደጠራቸው።

«መርዝ የረጨ የለም። እህሉም ንጹሕ ነው። የቀረውን ክኒን ለቅሜ አውጥቻለሁ፤ ጋዙ ሄዷል።»

«ለማለት ያህል ነው የምትለው!» አለች ከኋላ አንዲት ሴት። «ቅመሰው እስቲ!»

ከኪሱ ንፍሮውን በጨርቅ እንደተቋጠረ አወጣ። ጭብጥ ሙሉ አፉ ውስጥ ከተተ። ቀስ ብሎ አኘከ። በሺህ የሚቆጠር የተራበ ሰው ጉሮሮውን ያያል። በሰባት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያፈረበት ቀን የለም።

«በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ» አለ ሞላ በድንገት። እንባው በጢሙ ላይ ይወርዳል። «ጋሻዬ፣ እኔ ነኝ። ልጅህ ነጭ ሽንኩርት ብላ ስትስቅ አይቼ አስገባኋት።»

ወታደሮቹ ፈንታውን ያያሉ።

ፈንታው ጋሻዬን ያያል።

ጋሻዬ ወደ አዝመራው መጣ። እጁን ዘረጋ። አዝመራው ጨርቁን ሰጠው። ጋሻዬ ንፍሮውን እያየ ቆመ። ከዚያ አንድ ፍሬ አንስቶ አፉ ውስጥ አደረገ። ሌላ አነሳ። እያለቀሰ በላ።

«ፍቱት» አለ ፈንታው።

ሕዝቡ ወደ መጋዘኑ ሲነሳ ፈንታው አዝመራውን ክንዱን ይዞ ወደ ጎን ወሰደው። «አንተ የነቀዝ ባለሙያ ብቻ እንዳልሆንክ ገብቶኛል» አለው በዝግታ። «ሪፖርቴን በሬዲዮ የማስተላልፈው ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት ነው። እስከዚያ አላውቅህም።»

«ከዚያ በኋላስ?»

«ከዚያ በኋላማ ጨርሶ አላውቅህም።»

*

እሑድ ስድስት ሰዓት ላይ የሸዕባን ኤንትሬ ጋሸና ገባ። የኋላው ባዶ ጆንያ ተከምሮበታል።

«ሰልፉ ጠዋት ስነሳ ገበያው ድረስ ነበር» አለ ሸዕባን። «ሞላ ራሱ ነው የሚሰፍርላቸው። እንዲህ ያለ ሰልፍ ይብዛልን ወላሂ።»

አዝመራው በምግብ ቤቱ ጓሮ በር ገባ። መታወቂያውን ኬላ ሳይደርሱ ቀዶ በገደሉ በትኖታል። አሁን የማንም ስም የለውም።

ኸዲጃ ትሪ እንደያዘች አየችው። አላስቀመጠችውም።

«ጣሳዎቹን ለማን ሰጠሽ?» አላት።

«ወታደር መጥቶ ወሰዳቸው።» ወዲያው ነው የመለሰችው። «ሁለት ጣሳ አውጪ ብቻ ነው ያሉኝ። ሰው ይገደልበታል አላሉኝም። አላህ ያውቃል፣ አላሉኝም።»

«ምን ሊሰጡሽ?»

ትሪውን አስቀመጠች። «ባሌን። አብደላ ደሴ ከታሰረ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ሻምበሉ ራሱ በአፉ ነው ቃል የገባልኝ። 'ሞላ በተፈረደበት ሳምንት ትቀበይዋለሽ' አለኝ።»

አሁን ገባው። ሞላ ተፈትቷል። አብደላ አይፈታም። አንዱን በር ሲከፍት ሌላውን ዘግቷል፤ ማንም ሳይነግረው።

«ስትመሰክር ስሜን አላወጣህም» አለች። «ሾፌሮቹ ነግረውኛል።»

«አላስፈለገም።»

«ሦስት ሰዓት ላይ መልእክት መጣ። እዚህ ትደርሳለህ ብለው ይጠብቁሃል። ሃምሳ አለቃ ሙሉሃብት ከኬላው ሊመጣ ነው።»

«እንዲያ ከሆነ ስጪኝ» አላት።

«ምን?»

«ለእነሱ ስጪኝ። በእኔ አብደላን ይለቁልሻል። የምሬን ነው የምነግርሽ። እኔን የሚጠብቀኝ ሰው የለም። መሸሽም ሰልችቶኛል። ማሰብ ያለብሽ ለራስሽ ነው፤ አልፈርድብሽም።»

ከውጪ የመኪና ድምፅ መጣ።

«ውጣ እዚያ ላይ» አለችው በጓሮው በኩል ወደ ኤንትሬው እየጠቆመች።

ወጣ። ጆንያዎቹን ላዩ ላይ ወረወረችበት፤ አንድ፣ ሁለት፣ ስምንት። እየሸሸገችው ይሁን ወይስ እያቆየችላቸው አላወቀም። አልጠየቀም። ጆንያው የስንዴ ዱቄት ይሸታል። ጉንጩን በእንጨቱ ላይ አስደግፎ ተኛ።

የቡት ጫማ ኮቴ። ሦስት ሰው። አራት።

«እንደምን ዋልሽ ኸዲጃ።»

«አልሃምዱሊላህ። ሻይ ልቅዳ ሃምሳ አለቃ?»

«ሻይ አይደለም የመጣሁበት። የነቀዝ መድኃኒት ባለሙያ ነኝ የሚል ሰው በዚህ አልፏል?»

ብርጭቆ ከብርጭቆ ሲጋጭ ተሰማ።

ሸዕባን ሞተሩን አስነስቷል። የኤንትሬው ወለል ከአዝመራው ደረት ሥር ይንቀጠቀጣል።

«ሻምበሉ የላኩልሽን ልንገርሽ» አለ ሙሉሃብት። ድምፁ ክፉ አልነበረም። እሱም የደከመው ይመስላል። «ሰውየውን ካስያዝሽ አብደላ ማክሰኞ እቤቱ ይገባል። ወረቀቱ ተፈርሟል፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ካላስያዝሽ ግን ሁለተኛ እንዳትጠይቂን። ሁለተኛ የሚባል ነገር የለም። ገባሽ?»

«ገብቶኛል።»

«ታዲያ መልሽልኝ። ዛሬ መጥቷል ወይስ አልመጣም?»

አዝመራው ትንፋሹን አልያዘም። ከጆንያው ሥር በቀጭኑ የሚገባውን ብርሃን እያየ ጠበቀ። ፈልጎ የተወላት ነገር ነው። የምትለው ሁሉ ልክ ይሆናል።

ኸዲጃ ጉሮሮዋን ጠረገች። ስትናገር ድምፅዋ ከምግብ ቤቱ አልፎ፣ ከሞተሩም በላይ፣ መንገዱ ድረስ ተሰማ።

«ያ ሰውዬ እኔ ቤት አልመጣም። አብደላን እዚያው አቆዩት!»